ሰባት ቤት የምትቆጥረው ፈታሽ

የምሥራች ፍቅረ ማርያምን አንቱ ልላት በተገባኝ ነበር፤ ስልሳን አልፋለች። ግን የድሬ ልጅ ናት። አንቱ የሚላት ሰው ሲገጥማት ዓይኗን ጠበብ አድርጋ "ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?" ትላለች። ስለዚህ እኔም እንደ አገሯ ልማድ እንደ እኩያዬ እጠራታለሁ፤ ከጥርጣሬዋ ይሰውረኝ።

መጠርጠር እንጀራዋ ነበር። ባቡሩ ደህና በነበረበት ዘመን የጉምሩክ ፈታሽ ነበረች። የጅቡቲው ባቡር ድሬ ዳዋ ለገሃር ገብቶ ሲቆም ሴቶቹን ወደ ተጋረደው ክፍል እያስገባች በእጇ የምትዳብሳቸው እሷ ናት። ቀሚስ በቀሚስ ላይ የደረበችው፣ ብትን ጨርቅ ወገቧ ላይ የጠመጠመችው፣ ሳታረግዝ እርጉዝ መስላ ሽቶ የታቀፈችው፣ ስንቷ በእጇ አለፈች! "ፊት ይዋሻል" ትላቸው ነበር አዳዲሶቹን ፈታሾች፤ "አረማመዷን እዩ። ጨርቅ የጠመጠመች ሴት ደረጃ ስትወርድ ከወገቧ አትታጠፍም።" ነጋዴዎቹ ሌላ ፈታሽ ካለች ወደዚያችኛዋ ይሮጣሉ። የእሷ ሰልፍ ሁልጊዜ ጭር እንዳለ ነው።

አንዲት ሴት ብቻ ነበረች የማትሸሻት። መለል ያለች፣ ቀጭን፣ ዲራ ለባሽ ሶማሌ። ሌላው ሰልፍ ባዶ ቢሆን እንኳ ትታው ወደ የምሥራች ትመጣና እጆቿን ዘርግታ ዝም ብላ ትቆማለች። ሁልጊዜ ይገኝባታል፣ ሁልጊዜ ይወረስባታል፣ ሁልጊዜ ተመልሳ ትመጣለች። የምሥራች በዚህች ሴትዮ ነገር እንቅልፍ አጣች። ማታለያ ናት ብላ ጠረጠረች፤ እሷን ስዳብስ ከኋላዬ ሌላ ነገር እያለፈ ነው! ደግማ ትፈትሻታለች፣ ሻሿን አስፈትታ ሹሩባዋን ሳይቀር ትበታትናለች። ከጨርቅ በቀር ምንም የለም። "የደበቀችውን ሳላገኝ ጡረታ ወጣሁ" እያለች እስከ ቅርብ ጊዜ ትብሰለሰል ነበር።

ጡረታውም ቢሆን የወረቀቱ ነው እንጂ እሷስ አልወጣችም። የሽንኩርት ጆንያ ሥሩን ሳትገለብጥ አትገዛም። ባጃጅ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ፌስታል ከያዘ በጉልበቷ ነካ ታደርገዋለች። ስዊድን ያለው ልጇ ሰይፈ ሚካኤል ሲደውል፣ ከሰላምታው በፊት "ድምፅህ ምን ሆኗል? ምን ደበቅከኝ?" ነው።

በዚህ ዓለም ያልጠረጠረችው ነገር ቢኖር ዘሯን ነው። አባቷ አቶ ፍቅረ ማርያም ከቡልጋ ወርደው ምድር ባቡር የተቀጠሩ ሰው ነበሩ። ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የአያት የቅድመ አያቶቻቸውን ስም አስጠኗት። እሷም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ያዘችው። ክርስቲያን ሊጋባ ሲል ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ከዚያ በታች የተገናኘ ሙሽራና ሙሽሪት ሳይሆን ወንድምና እህት ነው። እናም ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ፣ ከቡልጋ ነኝ የሚል ቤተሰብ ሁሉ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የምሥራች ዘንድ ብቅ ይላል። እሷ ያሳለፈችው ያልፋል፣ እሷ የከለከለችው ይቀራል። ሰው ቆማ የምትፈትሽ ሴት ተቀምጣም ትፈትሻለች።

እዚህ ላይ ነው የቤቱ ቁስል። ልጇ እፀገነት የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ናት። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይሆናል፣ ሀብተ ማርያም የሚባል የሲሚንቶ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ወደደች፣ ወደዳት፣ ሽማግሌ ተላከ። የምሥራች ለሽማግሌዎቹ ሻይ አቅርባ ልጁን ቆጠረችው። በአባቷ በኩል፣ ስድስተኛው ቤት ላይ፣ ወልደ ሐና የሚባሉ አያት ላይ ግጥም አሉ።

"ኧረ ተይ" አሉ ሽማግሌዎቹ። "አንድ ቤት ነው የጎደለው። ቄሱን እናማክር።"

"ቄሱ የእኔን ደም ከእኔ በላይ አያውቁትም" አለች። ወይ ፍንክች!

እፀገነት ለምና ለምና ሲያቅታት ዝም አለች። የሚገርመው ግን የየምሥራች እናት የእማማ ወይንሸት ነገር ነው። አልጋ ላይ ከዋሉ ከርመው ነበር። ያን ቀን ግን ግድግዳ ይዘው ሳሎን ድረስ መጡና "ልጄ፣ ይጋቡ። ምንም የለባቸውም፣ እኔ ልሙትልሽ" አሉ።

"ምንም የለባቸውም ማለት? ቆጠራው ስህተት ነው?"

እማማ ወይንሸት አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ገጠሙት። "ይጋቡ" ብቻ አሉ፣ ደግመው ደጋግመው። የምሥራች ምን ብትጠረጥር ጥሩ ነው? ከልጁ ወገን ለእናቷ ጋቢ መጥቶላቸው ነበር። በቃ፣ በጋቢ ተገዝታለች! ጋቢውን በዚያው ሳምንት መለሰችው። እማማ ወይንሸት ዓመቱ ሳይዞር አረፉ። ሀብተ ማርያም ሌላ አገባ፤ ሦስተኛ ልጁን ክርስትና ካስነሳ ብዙም አልቆየም። እፀገነት እናቷ ቤት ቀረች። ታበስልላታለች፣ የደም ግፊት ኪኒኗን ታስታውሳታለች፣ ገብርኤል አብራት ትሄዳለች። ስቃ ግን አታወራትም።

ሰይፈ ሚካኤል ባለፈው ታኅሣሥ ለቁልቢ ስለት ከስዊድን መጣ። ሻንጣውን ማን እንደፈተሸው መናገር አያስፈልገኝም። ከቸኮላቱ ሥር ትንንሽ ሳጥኖች ወጡ፣ በየውስጣቸው የጣት ቁመት የምታህል ቱቦ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዲኤንኤ ነው እማዬ። ምራቅሽን ትተፊበታለሽ፣ ይዤ ሄጄ እልከዋለሁ። እነሱ ካላቸው ሰው ሁሉ ጋር አመሳክረው በደም የምትገናኛቸውን ያወጡልሻል።"

"እኔ ዘመድ ጠፍቶብኛል? ደግሞ የሰው ምራቅ የሚሰበስብ ለደግ ነው?"

ሰይፉ እናቱን ያውቃታል። "ቆጠራሽ እኮ በሳይንስ ይረጋገጥልሻል" አላት።

የምሥራች ቀና ብላ እፀገነትን አየቻት። እፀገነት ሰሃን እያጠበች ነበር፤ እጇ ቆመ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለዚያ ቆጠራ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም፤ የምሥራች ግን ሁልጊዜ ይሰማት ነበር፣ ልጅቷ በሆዷ እንደምትከሳት። "አምጣው!" አለች። "ይረጋገጥ! የፍቅረ ማርያም ልጅ መሆኔን የሚጠራጠር ካለ ምራቄ ይናገር።" እትፍ እትፍ አድርጋ ሞላችው። ልጆቿም ተፉ። ሰይፉ ለየምሥራች የአክስት ልጅ፣ ለእማማ ወይንሸት እህት ልጅም አዲስ አበባ ሲያልፍ አንዷን ቱቦ ሰጠው።

ውጤቱ የመጣው በግንቦት፣ የድሬ ሙቀት ሰውን ግድግዳ ላይ ሲለጥፍ ነው። እናትና ልጅ በረንዳ ላይ በኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ሰይፉ በስልኩ መስኮት ብቅ አለ። ፊቱ ደህና አልነበረም። የምሥራች ወዲያው ጆሮዋ ቆመ።

"ምን ደበቅከኝ?"

"ምንም። ካርታው መጀመሪያ..." አለና ተንተባተበ። ካርታው የየምሥራችን ዘር ወደ ምሥራቅ አውርዶ፣ ሶማሌውን አገር በሙሉ ቀለም ቀብቶላታል።

"ታዲያ ድሬ ስንት ዓመት ኖሬ ምራቄ የት ሊሆን ኖሯል?" አለች። "ውሃው ነው።"

ሰይፉ ካርታውን ብዙ አትመኑት፣ እሱ ግምት ነው አለ። የሚታመነው የሰዎቹ ዝርዝር ነው። ከዝርዝሩ አናት፣ ከሁለቱ ልጆቿ ቀጥሎ፣ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ስሟ ፋርሂያ ነው፣ የምትኖረው ለንደን፣ የተወለደችው ድሬ ዳዋ። ከየምሥራች ደም ሩቡን ትጋራለች።

"የማን ፋርሂያ? አጭበርባሪ ናት! ቤቴን ፈልጋ ነው!"

"ለንደን ተቀምጣ ያንቺን ቤት ምን ታደርገዋለች እማ?" አለች እፀገነት። ወንበሯን ወደ እናቷ አስጠጋች። "ስሚኝ። ልጅ ከእናቱ ግማሽ ይወስዳል። ሩብ ማለት የእህት ወይ የወንድም ልጅ ናት። ወይ በአንድ ወላጅ ብቻ የምትገናኙ እህትሽ ናት። ወይ የልጅ ልጅሽ ናት። ቁጥሩ የትኛው እንደሆነ አይናገርም፣ ዕድሜውን አይተን ነው የምንለየው።"

"የልጅ ልጅ?"

"እኔና ሰይፉ የማናውቀው ልጅ ካለሽ ዛሬ ንገሪን" አለች እፀገነት። ፈገግ አለች፣ እውነተኛ ፈገግታ። የምሥራች በዚያ ንዴት መሃል እንኳ ያቺን ፈገግታ አየቻት።

ቀጥሎ ግን ቃሉን ደግማ አሰበችው። በአንድ ወላጅ የምትገናኝ እህት? አባቷ? በጾም ቀን ውሃ እንኳ ከተሲያት በፊት የማይቀምሱት አቶ ፍቅረ ማርያም? "ዝም በሉ! አባቴን እንዳታነሱብኝ!" ብላ ነጠላዋን ጣለች። እፀገነት ግን የአስተማሪ ነገር፣ እስኪገባት አልተወቻትም። ፋርሂያ ሠላሳ ዓመቷ ነው። አቶ ፍቅረ ማርያም ያረፉት እሷ ሳትወለድ ነው። ስለዚህ እህት አይደለችም። የእህት ልጅ ናት፣ ያውም እናቷ ከየምሥራች ጋር በአባትም በእናትም አንድ ከሆነች ብቻ ነው ሩብ የሚመጣው። በአንድ ወገን ብቻ ቢሆን የሩብ ግማሽ ነበር።

ሰይፉ ለፋርሂያ ጽፎላት ነበር። መልሷም ደርሶታል። እናቷ ፋዱማ ዓዋሌ ትባላለች። ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ልጅቱ ከዚያ ወዲያ የምታውቀው የለም፤ እሷም እንደነሱ ግራ ገብቷታል።

"ጨርቅ? ቀፊራ?" አለች የምሥራች። "ኮንትሮባንዲስት ናት በለኛ!"

"ሌላም አለ" አለች እፀገነት ቀስ ብላ። "ቶሮንቶ ያለችው የአጎትሽ ልጅ እዚሁ ድርጅት ተመርምራለች። የአጎት ልጅ ያለ ድርሻ አይቀርም። ከእኛ ጋር ግን ምንም የላትም፣ ከሦስታችንም።"

የምሥራች አጨበጨበች። "አላልኩም? የእናቷ ዓይን ድሮም ደህና አልነበረም! ምስኪን አጎቴ የሰው ልጅ ሲያሳድግ ኖረ!"

እፀገነት ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። "የአክስትሽ ልጅም ውጤት ይመጣል፣ ቆይ እሱን እንይ" ብቻ አለች። ይህ ዝምታ ለየምሥራች አልጣማትም። ልጅቷ አንድ ነገር ይዛለች። ልትበቀለኝ ነው፣ ሀብተ ማርያምን ስላስቀረሁባት እኔን ከአባቴ ልትለየኝ ነው! በዚያ ቀን ልጇ ያቀረበችላትን ሻይ እንኳ እስኪቀዘቅዝ ተወችው።

የዚያን ሰሞን ምስር እየለቀመችም፣ ቅዳሴ ቆማም፣ ነገሩን ገለባበጠችው። ፈታሽ ናትና አገኘችው። እናቷ ከእሷ በፊት የወለዷቸው ሁሉ እየሞቱ ያስቸግሯቸው እንደነበር ታውቃለች። በድሮ ጊዜ ልጅ የሚሞትባት ሴት ሞት እንዳያገኘው ብላ ልጇን ለጎረቤት ትሰጣለች። እናቷ አንዷን ልጅ ለሶማሌ ጎረቤት ሰጥታ ይሆናል፤ ያቺ ልጅ ፋዱማ ናት! ሩቡም ገባት። አባቷ ንጹሕ ሆኑ፣ ቆጠራው እንዳለ ሆነ። እንዲያውም ለዚያች ለፋዱማ አዘነችላት። የቡልጋ ሰው ልጅ ሳታውቀው በሌላ ሰው ስም ቀርታለች። ሄዳ ልትነግራት ተነሳች፣ ለእፀገነት ሳትናገር።

ቀፊራ የደረሰችው ረፋዱ ላይ ነው፣ ሱቆቹ ለምሳና ለጫት ከመዘጋታቸው በፊት። የፋዱማ ዓዋሌን ሱቅ ጠይቃ አገኘችው። ገባችና በቁሟ ደረቀች። ሴትዮዋ አርጅታለች፣ ጀርባዋ ትንሽ ጎብጧል፣ ሻሿ ጥቁር ሆኗል። ግን እሷ ናት። ሰልፏን የማትሸሸው ሴት!

ፋዱማም አወቀቻት። እጇ ሳታስበው ወደ ወገቧ ሄደ።

"ያ አላህ። መንግሥት መጣ" አለች።

"ጡረታ ወጥቻለሁ።"

"መንግሥት ጡረታ ይወጣል እንዴ?"

የምሥራች ጨርቅ ልታይ የመጣች መስላ ጣቃዎቹን ዳበስ ዳበስ አደረገች። ፋዱማ እጇን በዓይኗ ትከተላለች። ሁለቱም አልተቀመጡም። "ልጅሽ ለንደን ናት አሉ" አለች የምሥራች። ፋዱማ ጣቃውን ከእጇ ላይ ነጠቀቻት።

"ልጄን ምን አደረጋችኋት? ወላሂ ልጄ ንጹሕ ናት!"

"እኔ የምጠይቅሽን መልሺ። አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

"የዓዋሌ።"

"ዓዋሌስ?"

ፋዱማ አገጯን ቀና አድርጋ ጀመረች። ዓዋሌ ዋርሳን፣ ዋርሳን ዐብዱላሂ፣ ዐብዱላሂ አብዱሰመድ... ሳትተነፍስ ወጣች፣ አንዱን ስም ሳትስት። የምሥራች እንደዚያ የሚቆጥር ሰው ከራሷ ሌላ አይታ አታውቅም። አዘነችላት። ፋዱማን በርጩማዋ ላይ አስቀምጣ፣ ራሷም አጠገቧ ተቀምጣ፣ ድሮ በተጋረደው ክፍል ውስጥ ትናገርበት በነበረ ድምፅ፣ "እህቴ" አለቻት፣ "ይሄ ሁሉ ስም ያንቺ አይደለም። ልጅሽ በምራቅ ተመርምራለች፣ እኔም ተመርምሬአለሁ። አንቺ የአቶ ፍቅረ ማርያም ልጅ ነሽ። የተሰጠሽ ልጅ ነሽ።"

ፋዱማ አየቻት፣ አየቻት፣ ከዚያ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የምሥራች ተቆጣች። ልትነሳ ስትል ፋዱማ ሳቋ በድንገት ተቋረጠ፤ እንባው ግን አልቆመም። ተነስታ የሱቁን በር ገርበብ አድርጋ ተመልሳ ተቀመጠች።

"ሀየ" አለች። "በእግርሽ መጣሽ። ጠየቅሽ። እንግዲህ ስሚ።"

የነገረቻት ይህን ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች የምድር ባቡር ግቢ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ነበሩ። ዓዋሌና ፍቅረ ማርያም አንድ ባቡር ላይ አብረው ይሠሩ ነበር። ፋዱማ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ናሲሞ ሴት ልጅ ወልዳ በወሊዱ ሞተች። በዚያው ሳምንት ወይንሸት የወለዱትን ቀብረው ጡታቸው ወተት አግቶ ይጮኹ ነበር። ዓዋሌ ሕፃኗን ታቅፎ በራቸው ላይ ቆመ። ሽማግሌ ተጠራ፣ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም። ወይንሸት ጡታቸውን ማር ቀብተው ለሕፃኗ ሰጧት፣ ሕፃኗም ያዘች።

"ያን ቀን 'የጡቴ ልጅ ናት። ከዛሬ ወዲያ እኔም አልወለድኳትም ብል፣ ሌላም አልወለድሻትም ቢለኝ ዘራችን አይባረክ' አለች። የእናንተዎቹ አሜን፣ የእኛዎቹ አሚን አሉ። ማሩን እኔም ቀምሻለሁ፣ ጣቷን አልሳኛለች። ስምሽንም ያኔ ነው ያወጣችልሽ። ከዚያ አባቴ ወደ ገንደ ቆሬ ወሰደኝ። 'ሰጥተናል፣ አትጥሪያት' አለኝ። አልጠራሁሽም።"

የምሥራች ሰማች፣ ግን አልገባትም፣ ወይም እንዲገባት አልፈለገችም። "ትዋሻለሽ" አለች። ከዚያ አረማመዷን ማየት አማራት፣ ሴትዮዋ ግን ተቀምጣለች። ፊቷን አየች። ፊት ይዋሻል ብላ ስንቱን ያስተማረች ሴት በዚያ ፊት ላይ ምንም የተደበቀ ነገር አጣች።

"ባቡሩ ላይ..." አለች።

"ባቡሩ ላይ ሌላዋ ፈታሽ ጨርቅ ተሰጥቷት ታሳልፍ ነበር" አለች ፋዱማ። "እኔ ግን ያንቺን ሰልፍ እመርጥ ነበር። ጨርቁ ይወረስ። አልጠራሽም፣ አልናገርሽም፣ ማህላ አለ። እጅሽ ሲነካኝ ግን ማህላው አይከለክልም። አንቺ እኮ ሹሩባዬን እንኳ ፈትተሽዋል። ከናሲሞ ወዲህ ሹሩባዬን የፈታ ሰው የለም።"

የምሥራች እጇን አየችው። ያ ሁሉ ዘመን የዳበሰችው፣ የበታተነችው፣ ምን ደበቀች እያለች የተብሰለሰለችበት! ጮክ ብላ አለቀሰች፣ የገበያው ሰው ይሰማኛል ሳትል።

ፋዱማ ውሃ አቀረበችላት። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር "ወይንሸት እኮ ልትሞት ሰሞን በባጃጅ መጥታለች፣ ደግፈው አስገቧት" አለች። "እዚህ አንቺ ያለሽበት ተቀምጣ አለቀሰች። 'ማህላዬ አፌን ያዘው ፋዱማ፣ የልጅ ልጄን ትዳር አየሁት ሲፈርስ' አለች። 'አንቺ ሕፃን ነበርሽ፣ አልማልሽም። በእግሯ መጥታ ከጠየቀችሽ ንገሪያት' ብላኝ ሄደች። የምን ትዳር እንደሆነ አላወቅሁም።"

የምሥራች የእንባዋ ምንጭ ቀጥ አለ። ይጋቡ። ምንም የለባቸውም። ግድግዳ ይዘው የመጡት፣ አፋቸውን ከፍተው የገጠሙት እናቷ። እሷ የጠረጠረችው ጋቢውን ነበር።

ወደ ቤት በባጃጅ ተመለሰች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ትልቅ ፌስታል ይዞ ነበር፣ ምን እንደያዘ አላየችም። እፀገነት ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። እናቷን ስታያት ስልኳን ከኪሷ አወጣች፣ ከዚያ መልሳ ከተተችው።

"የአክስትሽ ልጅ ውጤት መጣ እማ" አለች። "እሱም ምንም የለውም። በአባትሽም በእናትሽም ወገን..." ጨርሳ አልተናገረችም።

"አውቀሽው ነበር።"

"የቶሮንቶዋ ጊዜ ጠረጠርኩ። እንዳትጎጂ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። የት ነበርሽ?"

"እህቴ ዘንድ" አለች የምሥራች። ገመዱ ሥር ያለችው መቀመጫ ላይ ተቀመጠች፣ ሁሉንም ነገረቻት። የማሩን፣ የማህላውን፣ የባቡሩን፣ የእማማ ወይንሸትን። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ልጇን ማየት አቃታት። ልጄ ይቅር በይኝ ልትል ፈለገች፣ ቃሉ ግን ለጉዳዩ አነሰባት፣ አፈረች።

እፀገነት ከባልዲው እርጥብ አንሶላ አነሳች።

"ቁጠሪልኝ" አለች።

"ምኑን?"

"እንደዚያን ቀን ቁጠሪልኝ። ከእኔ ጀምረሽ።"

የምሥራች በሕይወቷ ቆጠራ ጠይቋት አፏ የተያዘበት ሰው የለም። ጀመረች። "እፀገነት፣ በእናቷ የምሥራች" አለች። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ስም ከልጅነቷ ጀምሮ ምላሷ ላይ ያለ ስም ነው፤ ዋጠችው። "የምሥራች ዓዋሌ። ዓዋሌ ዋርሳን። ዋርሳን ዐብዱላሂ። ዐብዱላሂ አብዱሰመድ..." ከዚያ በላይ አልያዘችውም።

"ከሀብተ ማርያም ጋር ስንተኛው ቤት ላይ እንገናኛለን?"

"የትም" አለች እናቷ። "የትም አትገናኙም ልጄ።"

እፀገነት ራሷን ነቀነቀች። አንሶላውን ገመዱ ላይ ዘረጋችው፣ በአንሶላው ወዲያ ማዶ ሆና ረጅም ጊዜ ጠርዙን አስተካከለች።